ብረትን በብረት ላይ የመደረብ ጥበብ

የሰው ልጅ ብረትንና ናስን ለጥቅሙ ማዋል ከጀመረ ወዲህ በሦስት መንገድ ሲሠራባቸው ኖሯል፤ ይኸውም በእሳት አግሎ በመቀጥቀጥ፣ አቅልጦ በቅርጽ ውስጥ በማፍሰስ፣ እንዲሁም ቆርጦና ፍቆ በማስተካከል ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትና በ1860 ዓ.ም. መቅደላ የደረሰው «ሴባስቶፖል» መድፍ የሁለተኛው መንገድ ሥራ ነው። አራተኛው መንገድ፣ ማለትም ብረትን በብረት ላይ እየደረቡ ማሳደግ፣ ከኤሌክትሪክ ብየዳ ጋር የመጣ ነው።

ቤናርዶስ የተባለው ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1881 በኤሌክትሪክ ነበልባል ብረት መበየድን ለዓለም ገለጠ። በ1920 በእንግሊዝ አገር በበርከንሄድ፣ በችንካር ፈንታ በብየዳ ብቻ የተሠራችው የመጀመሪያይቱ የውቅያኖስ መርከብ «ፉላጋር» ወደ ባሕር ወረደች። በዚያው ዓመት ቤከር የተባለ አሜሪካዊ የቀለጠ ብረት ደራርቦ ዕቃ የመሥራትን ዘዴ ለማስመዝገብ አመለከተ፤ በ1925 የፈጠራ መብት ተሰጠው። ይህም አሳብ አድጎ በ2017 በሆላንድ አገር በሮተርዳም ወደብ፣ ሮቦት የሚባለው ባለ ክንድ መሣሪያ 298 ድርብርብ እያኖረ፣ ክብደቱ 400 ኪሎ ግራም ያህል የሆነ የመርከብ ፕሮፔለር ሠራ። ፕሮፔለሩም ከተመረመረ በኋላ የብቃት ምስክር ወረቀት ተሰጠው።

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ መስሎ ሊታየን አይገባም። በጣሊያን ወረራ ዘመን የአገሬው ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ ወደ ምዕራብ ተዛውሮ በተቋቋመው መርካቶ፣ በተለይም በምናለሽ ተራ፣ አሮጌ በርሜልና ቁርጥራጭ ላሜራ ምድጃና ሣጥን ሆኖ ይወጣል። የአገራችን በያጅ የተበላ የወፍጮ ዘንግ ሲመጣለት በብየዳ ደርቦ ይሞላዋል፤ ከዚያም በቶርኖ ይስተካከላል። እንግዲህ በሮተርዳም የሚሠራበት የመደረብ ዘዴና በአዲስ ከተማ የሚሠራበት የመደረብ ዘዴ በመሠረቱ አንድ ነው።

ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? በሮተርዳም የሙቀቱ መጠን፣ የሽቦው ፍጥነትና የክንዱ እርምጃ ይለካሉ፤ ይመዘገባሉም። በድርብርቡ መካከል ስንጥቅ ተሰውሮ ቢቀር በባሕር ላይ የሰው ሕይወት ይጠፋልና፣ መርማሪው ያለ መዝገብ አያምንም። የእኛ በያጅ ግን የነበልባሉን ድምፅ በጆሮው፣ የብረቱን መቅለጥ በዓይኑ ይለያል፤ ያወቀውንም የሚጽፍለት ስለሌለ፣ እርሱ ሲያልፍ ዕውቀቱ አብሮት ይቀበራል።

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው ምክንያት መስደብ እንዲቀር በአዋጅ ከልክለዋል። ስድቡን መከልከል ታላቅ ጅማሬ ነበር፤ ነገር ግን ሥራውን ካልመዘገብነው ክብሩ ሙሉ አይሆንም። ስለዚህ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ይዘው ወደ ምናለሽ ተራ ቢወርዱ፣ ባለ ሥልጣኖችም የባለሙያውን ችሎታ መርምረው ማስረጃ ቢሰጡት፣ ለአገር የሚተርፍ መጽሐፍ ከዚያ ይገኛል።