ድንኳን ወይስ ባለጎማ ቤት?

የወንድሜ ልጅ የሚኖረው አሜሪካን አገር ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። አንድ ቀን ማታ ስልክ ደወለና ሰላምታው እንኳ በወጉ ሳያልቅ «ጋሼ፣ እርስዎ ታሪክ ያነባሉ፤ እስቲ አንድ ነገር ይፍረዱን» አለኝ። ፍርዱ የተፈለገው በባልና በሚስት መካከል ነበር። እሱ በዕረፍታቸው ሰሞን ሁለቱን ልጆች ይዞ ተራራ ላይ ድንኳን ተክሎ ማደር አምሮታል። እሷ ደግሞ «እኔ መሬት ላይ አልተኛም፤ ከመኪናችን ኋላ የሚጎተት ትንሽ ቤት ካልተገዛ ከበሬ አልወጣም» ብላለች።

መጀመሪያ ሳቅሁ። መቼም ለእኔና እንደ እኔ ላሉ አዲስ አበቤዎች ድንኳን የሠርግና የለቅሶ ዕቃ ነው። የእድር ንብረት ነው፤ ከነምሰሶው፣ ከነአግዳሚ ወንበሩ ተቆጥሮ ይወጣል፣ ተቆጥሮ ይገባል። ድንኳን ተጥሎ ያየ ሰው «ምን ደረሰ?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ «መዝናኛ ነው» ብሎ አይጠረጥርም። ስልኩን ዘግቼ መጻሕፍቴን ሳገላብጥ ግን የእነዚህ ባልና ሚስት ክርክር ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው፣ ብዙ ሰዎችን ያወዛገበ፣ አንዳንዶቹንም ሀብታም ያደረገ ጉዳይ ሆኖ አገኘሁት። እኛም አገር ሳይደርስ አልቀረም። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ከእንግሊዝ ልጀምር። በዚያ አገር ባለጎማ ቤት የጂፕሲዎችና ከገበያ ገበያ የሚዞሩ ትርኢት አሳዮች መኖሪያ ነበር፤ ጨዋ ሰው የሚገባበት አልነበረም። በ1885 ግን ዊሊያም ጎርደን ስቴብልስ የሚባል ስኮትላንዳዊ ለሽርሽር ብቻ የሚሆን ባለጎማ ቤት ብሪስቶል ከተማ ውስጥ አሠራ። ሰውየው የባሕር ኃይል ሐኪም የነበረ፣ በኋላም ለልጆች የጀብዱ መጻሕፍት በመጻፍ የታወቀ ነው። ቤቱን «ዋንደረር» ብሎ ሰየመው፤ ተንከራታቹ እንደማለት ነው። ክብደቱ 2 ቶን ያህል ነበር። ሁለት ፈረሶች ይጎትቱታል፤ አንድ ሰረገላ ነጂ ይነዳዋል፤ አንድ አሽከር ደግሞ ባለሦስት ጎማ ብስክሌት እየጋለበ ከፊት ይቀድምና አቀበትና ቁልቁለቱን፣ የሚመጣውንም ሰረገላ አይቶ ያስጠነቅቃል። ዶክተሩ ውስጥ ተቀምጦ ይጽፋል። እስከ ስኮትላንድ ሰሜን ድረስ ሄደበት፤ በማግስቱ ዓመትም ጉዞውን በመጽሐፍ አሳተመ።

በዚያው ዘመን ቶማስ ሂራም ሆልዲንግ የሚባል ልብስ ሰፊ ነበር። ሆልዲንግ በ1853 ገና ልጅ ሳለ ከወላጆቹ ጋር የአሜሪካንን ሰፊ ሜዳ በሰረገላ ጓዝ ያቋረጠ ሰው ነው። ጎማ ላይ መኖር ምን እንደሆነ ከስቴብልስ ይልቅ እሱ ያውቀዋል። ታዲያ ሲያድግ የመረጠው ድንኳንን ነው! መርፌና ክሩን ይዞ በብስክሌት የሚጫን ቀላል ድንኳን ሰፋ፤ በ1901 የብስክሌተኛ ሰፋሪዎችን ማኅበር መሠረተ፤ በ1908 ስለ ድንኳን ኑሮ መምሪያ መጽሐፍ አወጣ። ዛሬ እንግሊዞች የዘመናዊ ካምፒንግ አባት የሚሉት እሱን ነው።

ሁለቱን ሳነጻጽር አንድ ነገር ከነከነኝ። የስቴብልስ ምቾት በሁለት ፈረሶችና በሁለት አሽከሮች ጫንቃ ላይ የተቀመጠ ነበር። የሆልዲንግ ነፃነት ግን በራሱ ጉልበት ላይ። እንግዲህ ከ«የትኛው ይሻላል?» በፊት «ጓዙን ማን ይሸከማል?» ብሎ መጠየቅ ሳይበጅ አይቀርም። ይህ ጥያቄ ደግሞ በቀጥታ ወደ እኛ አገር ይወስደኛል።

ድንኳንን ከኢትዮጵያ ነገሥታት የበለጠ ማን አወቀው? ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የአፄ ልብነ ድንግልን ሰፈር በዓይኑ አይቶ ጽፏል። በሺህ የሚቆጠር ድንኳን ሜዳውን አልብሶት ነበር። የንጉሡ ድንኳኖች ከፍ ካለው ቦታ ላይ ይተከላሉ፤ ለታላቅ በዓልና ለታላቅ አቀባበል ካልሆነ የማይዘረጋ ቀይ ድንኳንም ነበር። አብያተ ክርስቲያናቱ ሳይቀሩ ድንኳን ናቸው፤ ታቦቱ ከሰፈሩ ጋር ይነሣል፣ ከሰፈሩ ጋር ያርፋል። ችሎቱም፣ ገበያውም፣ ማዕድ ቤቱም እንዲሁ። የሚገርመው የሰፈሩ ሥርዓት ነው። ቦታ ቢለወጥም ቅደም ተከተሉ አይለወጥም፤ ቀኙ ቀኝ፣ ግራው ግራ ነው። ሌሊት የደረሰ እንግዳ እንኳ የንጉሡን ድንኳን ካወቀ የሚፈልገውን ሰው ድንኳን አያጣውም።

ይህ ሥርዓት በአፋችን ውስጥ ዛሬም አለ። ፊታውራሪ በፊት የሚመራው፣ ቀኝ አዝማች በቀኝ፣ ግራ አዝማች በግራ የሚያዘምተው፣ ደጃዝማች ደግሞ ስሙን ከንጉሡ ደጅ ያገኘው ነው። «ከተማ» የሚለው ቃል ራሱ ቀድሞ የጦርና የንጉሥ ማረፊያ ማለት ነበር። «ሰፈር»ም የሰፈሩበት ቦታ ነው። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር እያልን በታክሲ ስንመላለስ በድንኳን ቋንቋ እየተነጋገርን ነው።

ያን ሁሉ ድንኳን የሚሸከመው ታዲያ በቅሎና ሰው ነበር፤ የሚቀልበው ደግሞ ገበሬው። ነጋሢው የሰፈረበት አገር እህሉ ያልቃል፣ እንጨቱ ይመነጠራል፤ ሲራቆት ሰፈሩ ተነሥቶ ወደሌላው ይሄዳል። ድንኳን ቀላል ነው ሲባል ለማን እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። ለተሸካሚውም፣ ለባለርስቱም ቀላል አልነበረም።

ጎማስ? ጎማ መንገድ ይፈልጋል። ይህን ከማንም በላይ የተረዱት አፄ ቴዎድሮስ ናቸው። 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ለማድረስ ገደሉን እየናዱ፣ ድንጋዩን ራሳቸው እየፈነቀሉ መንገድ ማስጠረግ ነበረባቸው። በጥቅምት 1867 ተነሥተው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት 1868 ነው። ድንኳን የጫነች በቅሎ በጥቂት ሳምንት የምትጨርሰውን ጉዞ ጎማ ግማሽ ዓመት ፈጀበት። በዚህ አገር ድንኳን ጎማን ለዘመናት የረታው አባቶቻችን ጎማ ማሰብ ስላቃታቸው አይመስለኝም፤ ተራራውን ስለሚያውቁት ነው።

አዲስ አበባም ከድንኳን ነው የተወለደችው። እቴጌ ጣይቱ ለፍልውሃው ከእንጦጦ ወርደው፣ ድንኳን አስተክለው ሰንብተው፣ ቦታው ሲወደድላቸው በ1886 ቤት አሠሩበት። ይኸውና ሚስት ድንኳኑን በቤት ለመለወጥ ስትወስን አገር ተለወጠ! የወንድሜ ልጅ ይህንን እንዳይሰማ ነበር የፈራሁት።

ወደ አሜሪካ ልመለስ። እዚያ ነገሩን የገለበጠው አውቶሞቢል ነው። መኪና ሲረክስ ስቴብልስን ያገለገሉት ፈረሶችና አሽከሮች ተጠቃልለው ሞተር ሆኑ። ሠራተኛውና ገበሬው በፎርድ መኪናው ላይ ሸራ አስሮ አገሩን ማየት ጀመረ። ምግባቸውን ከቆርቆሮ እየበሉ የሚዞሩት እነዚህ ሰዎች በ1919 ፍሎሪዳ ውስጥ ማኅበር አቋቋሙ፤ ስማቸውም የቆርቆሮ ቱሪስቶች ሆነ። በመጀመሪያ ሁሉም ድንኳን ነበር። ከዚያ ዝናብ መጣ።

በ1929 አርተር ሸርማን የሚባል የዲትሮይት ባክቴሪያ ተመራማሪ፣ ጎማ ላይ ተጣጥፎ የሚጫን ድንኳን ገዛ። ሻጮቹ በአምስት ደቂቃ ይተከላል ብለውታል። ቤተሰቡን ይዞ በወጣ በመጀመሪያው ማታ ዶፍ ወረደ። ምሰሶው አልቆም፣ አውታሩ አልወጠር አለ፤ ሚስቱና ልጆቹ እስኪበቃቸው ራሱ። ሸርማን ቤቱ እንደተመለሰ አናጢ አስጠርቶ ቁመቱ 9 ጫማ፣ ወርዱ 6 ጫማ የሆነ፣ ምንም የማይዘረጋና የማይጣጠፍ ሣጥን ጎማ ላይ አሠራ። ጎረቤቶቹ መጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥለው «ለእኛም አሠራልን» አሉ። በጥር 1930 ዲትሮይት የመኪና ትርኢት ላይ በ400 ዶላር ዋጋ አቀረበውና 118 ሸጠ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአሜሪካ ካሉት የተሳቢ ቤት ፋብሪካዎች ትልቁ የእሱ ሆነ። ይህ ሁሉ ከአንድ ሌሊት ዝናብ የመጣ ነው።

ሌላው ዋሊ ባያም ነው። ኦሪገን ውስጥ የተወለደው ባያም በልጅነቱ በግ ጠባቂ ነበር፤ ያድር የነበረውም አህያ በሚጎትተው፣ ምድጃና መኝታ ባለው ጋሪ ውስጥ ነው። በ1920ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ ካገባ በኋላ ሚስቱ ማሪዮን ማዕድ ቤት የሌለበት ሽርሽር አልሄድም አለችው። (ቨርጂኒያ ያለችው የወንድሜ ልጅ ሚስት ይህን ብታውቅ ደስታዋ ወሰን አይኖረውም።) ባያም በፎርድ መኪና ሻሲ ላይ ድንኳን ሠራ። አላረካትም፤ በተለይ ሲዘንብ አድካሚ ነበር። ድንኳኑን ነቅሎ የእንባ ጠብታ ቅርጽ ያለው ጠንካራ ጣሪያ አደረገበት፤ ምድጃና የበረዶ ሣጥንም አስገባ። የአሠራሩን ንድፍ እያተመ መሸጥ ጀመረ፤ በ1931 «ኤርስትሪም» የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ፤ በ1936 ደግሞ እንደ አውሮፕላን አካል በአሉሚኒየምና በሪቬት የተሠራውን «ክሊፐር» አወጣ። አራት ሰው ያስተኛል፤ ዋጋው ግን 1,200 ዶላር ነበር። በዚያ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

በዚያን ሰሞን ሮጀር ባብሰን የሚባል የታወቀ የኢኮኖሚ ተንባይ «በሃያ ዓመት ውስጥ የአሜሪካ ሕዝብ እኩሌታው ባለጎማ ቤት ውስጥ ይኖራል» እስከማለት ደርሶ ነበር። አልሆነም። ነገር ግን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለጦር ፋብሪካ ሠራተኞች መጠለያ ሲጠፋ መንግሥት በብዛት የገዛው ይህንኑ ተሳቢ ቤት ነው። ለሽርሽር የተሠራው ዕቃ ለብዙ ድሆች ቋሚ መኖሪያ ሆኖ ቀረ። ጎማው ወለቀ፤ በቦታው ብሎኬት ገባ።

የእኛ ነገሥታት ድንኳን በዚያው አሥር ዓመት ሌላ ዕጣ ገጠመው። አውሮፕላን መጣ። በታኅሣሥ 1935 መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀል ድንኳኖች ከነቁስለኞቻቸው በጣሊያን ቦምብ ተመቱ። ከሩቅ እንዲታይ የተደረገ ሸራ ከሰማይም የሚታይ ኢላማ ሆነ። በማግስቱ ዓመት በማይጨው ዘመቻ አፄ ኃይለ ሥላሴ መምሪያቸውን ያደረጉት ዋሻ ውስጥ ነው።

ታሪክ አንዳንዴ ሳያስቡት ያገናኛል። በ1959 ዋሊ ባያም 41 ተሳቢ ቤቶችና ከመቶ በላይ ሰዎች አሰልፎ ከኬፕ ታውን ወደ ካይሮ ተነሣ። ብዙዎቹ ጡረታ የወጡ አሜሪካውያን ነበሩ። አክሰልና ባሌስትራ መሰበር፣ ጭቃ ውስጥ መቀርቀር የጉዞው የዕለት ጉዳይ ነበር። ከኬንያ ወደ ኢትዮጵያ ሲዘልቁ የደቡቡ መንገዳችን ገና አስፋልት አልለበሰም ነበርና ቴዎድሮስን ያደከመው ጥያቄ እነሱንም ጠበቃቸው። የሆነው ሆኖ አዲስ አበባ ገቡ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ተቀበሏቸው። የዋሻውን መምሪያ የሚያስታውሱት ንጉሥ እነዚያን የሚያብረቀርቁ የአሉሚኒየም ቤቶች ሲሰሙና ሲያዩ ምን ብለው ይሆን? ጉዞው ግብፅ ሲያበቃ ቤቶቹ በፒራሚዶቹ ሥር ክብ ሠርተው የቆሙበት ፎቶግራፍ ዝነኛ ነው።  አልቫሬዝ ቢያየው ሰፈሩን ያውቀው ነበር።

ለወንድሜ ልጅ መልሼ ስደውል ይህን ሁሉ አልነገርኩትም፤ የስልኩ ሒሳብ አይፈቅድም። የጠየቅሁት ሦስት ነገር ነው። መኪናህ ስንት ኪሎ መጎተት ትችላለች? ክብደቱ ወደ ኋላ ያደላ ተሳቢ አውራ ጎዳና ላይ እንደ እባብ ይወዛወዛል፤ ከጠቅላላ ክብደቱ አሥር በመቶው ያህል ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ መጎተቻው ላይ ማረፍ አለበት። በዓመት ስንት ሌሊት ታድሩበታላችሁ? ተሳቢ ቤት በቀሪው ዓመት የሚቆምበት ቦታ ይፈልጋል፤ ድንኳን ግን ቁምሳጥን ውስጥ ይገባል፣ በደንብ ከደረቀ። ሦስተኛው፣ በዝናብ ጊዜ ድንኳኑን የሚተክለው ማነው?

«እኔ ነኛ፣ ጋሼ» አለኝ።

«እራቱንስ የሚሠራው?»

ዝም አለ። ከኋላው የሚስቱ ሳቅ ተሰማኝ።

ሳይገዙ ትንሽዬ ተሳቢ ለሦስት ቀን ተከራይተው ሄዱ። ቆይቶ ፎቶ ላከልኝ። እሷ ከኋላ በሚከፈተው የተሳቢው ማዕድ ቤት ቆማ ቡና ታፈላለች። ከጎን አንድ ትንሽ ሰማያዊ ድንኳን ተተክሏል፤ አንዱ ካስማ ተነቅሎ ሸራው ጎብጧል፤ ከውስጡም አራት ትንንሽ እግሮች ወጥተው ይታያሉ።