ጭዱን የሚፈጨው ማን ነው? በከብት ጨጓራ ውስጥ ያሉ ተህዋስያን ታሪክ

በዚህ ገጽ ብዙ ጊዜ "ይህን አድርጉ፣ ያን አታድርጉ" እያልኩ ነው የምጽፍላችሁ። ዛሬ ግን ምክሩ ከየት እንደመጣ ላጫውታችሁ። ምክንያቱን ያወቀ ሰው ምክሩን አይረሳውም።

ሰው ጭድ ቢበላ ጉልበት አያገኝም። በሬ ግን የጤፍ ጭድ በልቶ ያርሳል፤ ላምም ገለባ በልታ ትንሽም ብትሆን ትታለባለች። ለምን? "ከብት ስለሆነ ነዋ!" ትሉ ይሆናል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ላሟ ራሷ ጭድ መፍጨት አትችልም። ታኝካለች፣ ታመሰኳለች እንጂ የጭዱን አሰር (ሴሉሎስ የሚባለውን) የሚሰባብር ነገር ሰውነቷ አይሠራም። የሚፈጩላት ሌሎች ናቸው። እነሱን ለማግኘት ሰዎች ከ100 ዓመት በላይ ፈጅቶባቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ1843 ግሩቢ የተባለ ሐኪምና ደላፎን የተባለ ፈረንሳዊ የእንስሳት ሐኪም ከሚያመሰኩ እንስሳት ጨጓራ የተወሰደ ፈርስ በማይክሮስኮፕ ተመለከቱ። ፈርሱ ውስጥ በጣም ብዙ ጥቃቅን ሕይወት ያላቸው ነገሮች ሲርመሰመሱ አዩ። እነዚህ ዛሬ ፕሮቶዞዋ የምንላቸው ናቸው። ግን ምን እንደሚሠሩ የሚያውቅ አልነበረም።

ቆየት ብሎ ጀርመኖች ነገሩን ያዙት። እ.ኤ.አ. በ1879 ዙንትስ የተባለ ተመራማሪ ሴሉሎስ የሚፈርሰው ጨጓራ ውስጥ በሚካሄድ ብላት ነው የሚል ሐሳብ አቀረበ። እናንተ ብላት ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ታውቃላችሁ፤ የጠላ ጥንስስና የእንጀራ ሊጥ የሚቦካው በዚያው መንገድ ነው። በ1880ዎቹ ደግሞ ታፓይነር የተባለው ሴሉሎስ በጨጓራ ፈርስ ሲብላላ ጋዝና አሲድ እንደሚወጣው አሳየ። ከአሲዶቹ አንዱ አቼቶ ውስጥ ያለው ነው።

ታዲያ ሥራውን የሚሠራው የትኛው ተህዋስ ነው? እዚህ ላይ ነገሩ 60 ዓመት ያህል ቆመ። ችግሩ አየር ነበር። ጨጓራ ውስጥ ኦክስጅን የለም ማለት ይቻላል፤ ሙቀቱም ወደ 39 ዲግሪ ነው። እዚያ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች አየር ሲነካቸው ይሞታሉ። ተመራማሪው ፈርሱን አውጥቶ ሳህን ላይ ሲያደርገው የሚፈልጋቸው ሞተው፣ የማይፈልጋቸው ብቻ ይበቅሉ ነበር።

መፍትሔውን ያመጣው ሮበርት ሀንጌት የተባለ አሜሪካዊ ነው። ሥራውን የጀመረው በከብት አልነበረም፤ በምስጥ ነበር! ምስጥ እንጨት በልቶ እንዴት እንደሚኖር ሲያጠና፣ የምስጥም አንጀት እንደዚሁ ተህዋስያን የሚኖሩበት መሆኑን አየ። ከዚያ ወደ ከብት ዞረ። ዘዴው ቀላል ይመስላል። የመስታወት ቱቦ ውስጥ ያለውን አየር በካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣል፤ የተፈጨ ሴሉሎስ ያለበት ብጥብጥ ይጨምራል፤ ከፈርሱ ጥቂት ጠብ ያደርግና በጎማ ይከድነዋል። ብጥብጡ በሴሉሎሱ ምክንያት ደፍርሶ ይታያል። ከቀናት በኋላ ግን እዚህም እዚያም የጠራ ክብ ብቅ አለ። በክቡ መሃል ያለው ባክቴሪያ ዙሪያውን ያለውን ሴሉሎስ በልቶት ነበር። ይህን ውጤት በ1947 አሳተመ። አሰር የሚፈጩት እነማን እንደሆኑ ያን ጊዜ በዓይን ታየ።

ዛሬ እንደምናውቀው በአንድ ሚሊ ሊትር የጨጓራ ፈሳሽ ውስጥ ወደ 10 ቢሊዮን ባክቴሪያ ይኖራል። አንዲት ላም አላችሁ ማለት ነጭ ሠራዊት አላችሁ ማለት ነው፤ ደመወዙ ግን በየቀኑ መከፈል አለበት።

ላሟስ ምን ታገኛለች? ይህን የመለሱት እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ውስጥ ባርክሮፍትና ፊሊፕሰን ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1944 ነው። በብላቱ የሚወጡት አሲዶች በጨጓራው ግድግዳ በኩል ወደ ደም እንደሚገቡ በበግ ላይ አሳዩ። ከብት አብዛኛውን ጉልበት የሚያገኘው ከእነዚህ አሲዶች ነው። ባክቴሪያዎቹም ራሳቸው ወደ ቀጣዩ የሆድ ክፍል ይወርዱና የላሟ ሥጋና ወተት መሥሪያ ፕሮቲን ይሆናሉ።

አሁን ወደ ራሳችን በጋ እንምጣ። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ከብቱ ሆዱ ሞልቶ አጥንቱ የሚወጣው ለምንድን ነው? ጭዱ አለ፤ ባክቴሪያው ግን ተርቧል። ለመራባት ናይትሮጅን ይፈልጋል፤ ጭድ ደግሞ ናይትሮጅኑ በጣም ትንሽ ነው። ሠራተኛው ሲያንስ ጭዱ ጨጓራ ውስጥ ይቆያል፣ ከብቱም ሌላ መብላት ያቆማል። ፊንላንዳዊው የኖቤል ተሸላሚ ቪርታነን በ1960ዎቹ ላሞችን ፕሮቲን በሌለው መኖ ላይ ዩሪያና የአሞኒያ ጨው እየጨመረ ቀለባቸው፤ ላሞቹም ወተት ሰጡ። ፕሮቲኑን የሠሩላቸው ባክቴሪያዎቹ ናቸው። ጭድ በዩሪያ አክሙ የምንላችሁ ለዚህ ነው፤ በዚያ ላይ አሞኒያው የጭዱን አሰር ያላላዋል።

ሌላም አለ። በሬ አውድማ ገብቶ እህል ሲጠግብ ተነፍቶና ወድቆ ሲሞት አይታችኋል። ሀንጌትና ባልደረቦቹ በ1952 ይህን በበጎች ላይ አጥንተውታል። እህል በድንገት ሲበዛ ስታርች የሚበሉት ባክቴሪያዎች በፍጥነት ይራባሉ፣ ጨጓራው በላክቲክ አሲድ ይኮመጥጣል፣ አሰር ፈጪዎቹም ያልቃሉ።

የመጨረሻው ታሪክ ስለ ሉሲኒያ ነው። ይህ ዛፍ ጥሩ መኖ ቢሆንም ሚሞሲን የሚባል መርዝ አለው። አውስትራሊያ ውስጥ ብዙ የበሉ ከብቶች ፀጉራቸው ይረግፍ፣ ይታመሙም ነበር። ሬይመንድ ጆንስ የተባለ ተመራማሪ ግን ሃዋይ ውስጥ ያሉ ፍየሎች ያንኑ ቅጠል በልተው ደህና መሆናቸውን አስተዋለ። ልዩነቱ ጨጓራቸው ውስጥ ባሉ ባክቴሪያዎች ነበር። በ1980ዎቹ ባክቴሪያዎቹ ወደ አውስትራሊያ ከብቶች ተዛወሩ፤ ችግሩም ተፈታ። አንዱ ባክቴሪያ በእሱ ስም ተሰይሟል።

እንግዲህ ከታሪኩ የምንይዘው ይህን ነው፦

1. መኖ በድንገት አትቀይሩ። ከጭድ ወደ እህል ወይም ፋጉሎ ስትሸጋገሩ ከ10 እስከ 14 ቀን ቀስ በቀስ ጨምሩ።

2. ለ100 ኪሎ ደረቅ ጭድ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ዩሪያ ከ80 እስከ 100 ሊትር ውሃ በጥብጣችሁ አርከፍክፉ፤ በላስቲክ አፍናችሁ 3 ሳምንት አቆዩ፤ ከመስጠታችሁ በፊት አናፍሱት። ከ6 ወር በታች ላለ ጥጃ አትስጡ። ዩሪያ በውሃ በጥብጦ ማጠጣት ከብት ይገድላል!

3. ሉሲኒያ ከሌላ መኖ ጋር ቀላቅሉ፤ ከጠቅላላው ከሲሶ አይብለጥ።

4. ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንቲባዮቲክ በአፍ አትስጡ። በሽታውን ብቻ ሳይሆን ጭድ ፈጪዎቹንም ይገድላል።

5. ጥጃ ስትወለድ እነዚህ ባክቴሪያዎች የሏትም። እናቷ ስትልሳትና አብረው ሲመገቡ ነው የምታገኛቸው፤ ቶሎ ለስላሳ ድርቆሽ አስለምዷት።

ከብት ስትቀልቡ መጀመሪያ የምትቀልቡት በዓይን የማይታዩትን ነው። እነሱ ከጠገቡ ከብቱ ይጠግባል። ስልክ ለሌለው ጎረቤታችሁም አንብቡለት።