የአንድ ዓመት ልጆች

እሑድ ንጋት ላይ፣ ጀሞ አንድ ኮንዶሚኒየም ግቢያችን ውስጥ፣ ሰው ከእንቅልፉ ሳይነሣ መኪናዬን የግራውን ጠርዝ አስይዤ ወዲያና ወዲህ ስነዳ ያየኝ ዘበኛ "ጋሼ፣ ደህና አደሩ?" አለኝ። ሰላምታ አልነበረም፤ ጤንነቴን መጠየቁ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። አባቴን ይዤ በሞያሌ በኩል ናይሮቢ ልሄድ ነው። መኪና እየነዳሁ ድንበር ስሻገር የመጀመሪያዬ ነው። ኬንያ ደግሞ የሚነዳው በግራ ነው፤ እጄን ከወዲሁ ላለማምድ ብዬ ነበር።

መቼም የመንገድ ዝግጅት ማለት የወረቀት ዝግጅት ነው። ፓስፖርት፣ መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፤ መኪናው ተመልሶ እንደሚመጣ ለጉምሩክ ማረጋገጫ። በዚህ ላይ ሁለት ቢጫ ካርዶች ያስፈልጋሉ፤ አንደኛው በኮሜሳ አባል አገሮች ውስጥ ለሚደርስ ጉዳት የሦስተኛ ወገን መድን፣ ሁለተኛው የቢጫ ወባ ክትባት። በእግር ኳስ ሁለት ቢጫ ከሜዳ ያስወጣል፤ በድንበር ላይ ግን ያሳልፋል።

ወረቀቱን ሳሰባስብ የታሪክ መጻሕፍትም ማገላበጤ አልቀረም። ያገኘሁት አስገረመኝ፤ ለካ መኪናና የደቡብ ድንበራችን የአንድ ዓመት ልጆች ኖረዋል! በ1900 ዓ.ም. ቤዲ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የምትባል አውቶሞቢል ከጅቡቲ አንሥቶ፣ የመኪና መንገድ በሌለበት በረሃና ዳገት አቋርጦ አዲስ አበባ አደረሳት፤ አፄ ምኒልክም ተቀመጡባት። በዚያው ዓመት ኅዳር 26 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር፣ ኢትዮጵያን ዛሬ ኬንያ ከምንለው ግዛት የሚለየውን መስመር ተዋዋሉ።

ውሉ አንድ ደግ ነገር ነበረው። በመስመሩ ወዲህና ወዲያ የሚኖሩት ጎሣዎች እንደ ቀድሞው ማዶ ተሻግረው ከብታቸውን እንዲያሰማሩ፣ በቅርብ ካለው የውኃ ጉድጓድም እንዲያጠጡ ይፈቅዳል። እንግዲህ ያን ጊዜ ለቦረና ላምና ግመል የተጻፈው ፈቃድ ለእኔዋ ቶዮታ አልተጻፈላትም ማለት ነው።

ዳሩ ግን መስመሩ በወረቀት ብቻ አላበቃም። ከውሉ በኋላ ሻለቃ ግዊን የተባለ የእንግሊዝ መኮንን የኢትዮጵያ ተወካይ በሌለበት ድንበሩን መሬት ላይ ቢያመለክት ኢትዮጵያ አልቀበልም አለች። ክርክሩ የተቋጨው ኬንያ ነጻ ከወጣች በኋላ፣ በ1962 ዓ.ም. በተፈረመው የሁለቱ አገሮች ውል ነው።

ሌላም ግጥምጥሞሽ አለ። ኬንያ ነጻነቷን ያወጀችው በታኅሣሥ 1956 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት ሰኔ 1 ቀን ደግሞ ኢትዮጵያ የመኪና መንገዷን ከግራ ወደ ቀኝ ለወጠች። እስከዚያ ድረስ እኛም በግራ ነበር የምንነዳው። ሞያሌ ላይ የሾፌር እጅ የሚደናገረው እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ነው።

አባቴ ያን ጊዜ የ17 ዓመት የከባድ መኪና ረዳት ነበሩ። ኋላም ሾፌር ሆነው የሞያሌን መንገድ ሃያ ዓመት ተመላልሰውበታል። ዲላን፣ ሐገረ ማርያምን፣ ያቤሎን፣ ሜጋን አልፈው፣ 770 ኪሎ ሜትር ያህል ነድተው፣ ከኬላው ገመድ ፊት ይዞራሉ። ታናሽ ወንድማቸው በቀይ ሽብር ጊዜ ያንኑ መስመር በሌሊት በእግራቸው ተሻግረው ናይሮቢ ቀሩ። አባቴ በየወሩ እዚያው ገመድ ድረስ እየሄዱ ወንድማቸውን አላዩም። በደርግ ዘመን ያለ መውጫ ፈቃድ አንድ እርምጃ ማለፍ አይቻልም ነበር። ዘመኑ ሲለወጥ ደግሞ ቤተሰብ፣ ችግር፣ ዕድሜ መጣ። ወንድማማቾቹ ሲጠያየቁ የኖሩት በስልክ ነው።

"በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ነው" ያሏቸው ብዙ ናቸው። አባቴ ግን "በጀመርኩት መንገድ ልጨርሰው" አሉ። ገመዱ ዛሬ እንደ ጥንቱ አይደለም፤ በ2013 ዓ.ም. በተመረቀው የጋራ ጣቢያ የሁለቱ አገር ሹማምንት በአንድ ጣሪያ ሥር ይሠራሉ።

እኔን የሚያስጨንቀኝ መሪው ነው። የእኛ መኪና መሪ በግራ ስለሆነ፣ በግራ ጠርዝ እየሄዱ ፊት ያለውን ካሚዮን መቅደም ሲፈለግ ከማዶ የሚመጣው አይታይም። አጠገብ የተቀመጠ ሰው ዐይን መሆን አለበት። አጠገቤ የሚቀመጡት ደግሞ አባቴ ናቸው፤ ዐይናቸውም ደክሟል።

በዚያች እሑድ፣ ከጎኔ ሆነው ልምምዴን ሲከታተሉ፣ ይህንኑ ጭንቀቴን ነገርኳቸው።

"መቅደም ምን ያስፈልጋል?" አሉኝ። "ከ40 ዓመት በላይ የጠበቀ ሰው ከአንድ ካሚዮን ኋላ መጠበቅ አያቅተውም።"