የማንም ያልሆነው ጆሮ፦ በልክ የተቀረጸ የማዳመጫ ጫፍ አጭር ታሪክ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ከቀረበ ንግግር በጽሑፍ የተገለበጠ)

በንግግሬ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልግለጽ።

አበው «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይላሉ። አባባሉ የሚነገረው ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን ከሁሉ በኋላ የሚሰማ መሆኑን ለማመልከት ነው። እኔ ዛሬ ቃሉን እንደ ወረደ ልውሰደው። ከመካከላችን የራሱን የጆሮ ቦይ ቅርጽ የሚያውቅ ማን አለ? ፊታችንን በመስታወት እናያለን፤ እጃችንን እንደ ልብ እናገላብጣለን። ከጆሯችን ቀዳዳ እስከ ታምቡሩ ያለችውን ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል መንገድ ግን አንዳችንም አይተናት አናውቅም። መንገዲቱ ቀጥ ያለች አይደለችም፤ ሁለት ጊዜ ትታጠፋለች። ውጫዊው ሲሶዋ ልምሹሽ አጥንት፣ ውስጠኛው ክፍሏ ደግሞ ጠንካራ አጥንት ነው። የአንዱ ሰው ከሌላው ይለያል፤ የአንድ ሰው ቀኝ ጆሮም ከግራው ጋር ሙሉ በሙሉ አንድ አይደለም።

በኪሳችሁ ከያዛችሁት የጆሮ ማዳመጫ ጫፍ ላይ ያለችው ትንሽ ጎማ የምትሠራው በዚህች መንገድ ደጃፍ ላይ ነው። ለአንድ ሰው ጆሮ ብቻ ተቀርጾ የሚዘጋጀው ጫፍ ደግሞ የዚህችን መንገድ ቅርጽ ራሱን ይከተላል። የማዳመጫ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው ድምፅ አመንጪው ክፍል እንዴት እንደ ረቀቀ በመዘርዘር ነው። እኔ የምከራከረው የታሪኩ ወሳኝ ምዕራፍ መሣሪያውና ቆዳው በሚገናኙባት ጠባብ ድንበር ላይ ተጽፏል ብዬ ነው። ድንበሩን በጥንቃቄ ያጠኑት ሰዎችም በአብዛኛው መስማት ለተሳናቸው ወገኖች ይሠሩ የነበሩ ባለሙያዎች ናቸው።

ከስልክ ቤት የተነሣ ጥያቄ

ስልክ በ1876 የፈጠራ ባለቤትነት መብት ካገኘ በኋላ አዲስ የሥራ ዘርፍ ተፈጠረ፤ ቀኑን ሙሉ መስሚያ ከጆሮው የማይለይ ሠራተኛ ታየ። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ኤርኔስት መርካዲየ በ1891 በአሜሪካ ባስመዘገበው ፈጠራ ለዚህ ሠራተኛ መፍትሔ አቀረበ። መሣሪያው ሁለት ትንንሽ መስሚያዎች ያሉት፣ ክብደቱ ከ50 ግራም የማይበልጥ፣ ጫፎቹ ጆሮ ውስጥ የሚገቡ ነበር። ጫፎቹ ጎማ ለብሰዋል። ጎማው ሁለት አገልግሎት ነበረው፦ ቆዳውን ከመፈግፈግ ይጠብቃል፤ የውጭውን ድምፅም ያግዳል። ምቾትና መግጠም ገና ከጅምሩ በአንድ ቁራጭ ጎማ ላይ ተገናኝተው እናገኛቸዋለን።

ይሁን እንጂ ገበያው ሌላ መንገድ ያዘ። ናትናኤል ባልድዊን በ1910 ለአሜሪካ ባሕር ኃይል ያቀረበው ማዳመጫ በራስ ላይ የሚደፋ፣ ጆሮን ከውጭ የሚሸፍን ነበር። የዚህ ዓይነቱ ቅርጽ ለረጅም ዘመን ገነነ። ጆሮ ውስጥ የመግባት ጥበብ ግን አልሞተም፤ ወደ ክሊኒክ ተሰደደ እንጂ።

ጄሶ፣ ጎማ፣ ፕላስቲክ

በኤሌክትሪክ የሚሠራ የመስሚያ መርጃ መሣሪያ በተስፋፋበት ዘመን ሠሪዎቹን አንድ ችግር አስጨነቃቸው። በመሣሪያው ጎልቶ የወጣ ድምፅ በጆሮው ዳር ሾልኮ ወደ ማይክሮፎኑ ከተመለሰ፣ እንደገና ይጎላል፤ እንደገናም ይሾልካል። ውጤቱ አድማጩንም አጠገቡ ያለውንም የሚያውክ ፉጨት ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ክፍተትን መድፈን ነበር። ክፍተትን ለመድፈን ደግሞ የእያንዳንዱን ሰው ጆሮ መለካት የግድ ሆነ።

ባለሙያዎቹ ዘዴውን ከጥርስ ሐኪሞች ተዋሱ። የሰው ሰራሽ ጥርስ ሠሪ የድድን ቅርጽ እንደሚያነሣ፣ የጆሮን ቅርጽ በጄሶ ማንሣት ተጀመረ። ከዚያ ቅርጽ ላይ በጠንካራ ጎማ፣ ኋላም በአክሪሊክ፣ ከዚያም በለስላሳ ሲሊኮን የሚሠራው ቁራጭ ለባለቤቱ ብቻ የሚገጥም ሆነ። ጄሶ ከደረቀ በኋላ አይታጠፍም፤ የታጠፈች ቦይ ውስጥ የገባ ጄሶ እንዴት እንደሚወጣ ለማሰብ ብዙ ምናብ አያስፈልግም። ዛሬ ባለሙያው ጆሮውን መርምሮ፣ ከሁለተኛው መታጠፊያ አለፍ አድርጎ በክር የታሰረ ጥጥ ወይም ስፖንጅ ያስቀምጣል፤ ይህ ታምቡሩን ይጠብቃል። ከዚያ የሲሊኮን ሊጥ በመርፌ መሰል መግፊያ ይሞላል፤ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ ያወጣል።

እዚህ ላይ አንድ ትንሽ የምትመስል ዝርዝር ልጥቀስ። ሰው አፉን ሲከፍት የመንጋጋው መገጣጠሚያ ይንቀሳቀሳል፤ የጆሮው ቦይም ቅርጹን ይለውጣል። ጣታችሁን ጆሯችሁ ውስጥ አስገብታችሁ መንጋጋችሁን ብታንቀሳቅሱ አሁኑኑ ታረጋግጡታላችሁ። ስለዚህ አፉን ዘግቶ የተለካ ዘፋኝ መዝፈን ሲጀምር ጫፉ ሊከፈትበት ይችላል። በዚህ ምክንያት ብዙ ባለሙያዎች ለዘፋኞች ቅርጹን የሚያነሡት በጥርሳቸው መሐል ማገጃ አስነክሰው ነው። ጆሮ እንደ ቁልፍ ቀዳዳ የማይለወጥ ነገር አለመሆኑን ሙያው የተማረው በእንዲህ ያለ ልምድ ነው።

መግጠም ድምፅ ነው

አሁን ወደ ድምፁ እንምጣ። ያልተዘጋ የጆሮ ቦይ፣ አንድ ጫፉ እንደ ተደፈነ ዋሽንት፣ በሦስት ሺህ ሄርዝ አካባቢ ያሉትን ድምፆች ያጎላል። ማዳመጫ ሲገባበት ይህ ተፈጥሯዊ ጉላት ይጠፋል፤ መሣሪያው ራሱ ሊመልሰው ይገባል። በጫፉና በታምቡሩ መካከል የምትቀረው ትንሽ የአየር ክፍልም የራሷን ጉላት ትፈጥራለች፤ ጫፉ ጠልቆ ከገባ ጉላቷ ወደ ቀጭኑ ድምፅ ከፍ ይላል፤ ካልጠለቀ ዝቅ ይላል። አንድ ዓይነት ማዳመጫ ለሁለት ሰዎች ሁለት ዓይነት የሚሰማበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ወፍራም ድምፅ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ክፍተትን ይፈራል። በጫፉ ዳር ጠባብ ቀዳዳ ብትኖር ዝቅተኛው ድምፅ በእርሷ ይሾልካል፤ የከበሮው ግርማና የባስ ጊታሩ መሠረት ይሟሽሻል። አድማጩ ያን ጊዜ ማዳመጫውን ይወቅሳል፤ ወይም ድምፁን ከፍ ያደርጋል።

መድፈን ግን የራሱን ዋጋ ያስከፍላል። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ቻርልስ ዊትስተን በ1827 እንዳስገነዘበው፣ ጆሮውን ደፍኖ የሚናገር ሰው የራሱ ድምፅ ከውስጥ ይጎላበታል። በአጥንትና በልምሹሹ ክፍል የሚተላለፈው ንዝረት መውጫ ያጣልና ነው። የክሊኒክ ባለሙያዎች ለዚህ ሁለት መልስ አገኙ። አንደኛው በተቀረጸው ቁራጭ ውስጥ ቀጭን መተንፈሻ መብሳት ነው፤ ሁለተኛው ጫፉን አጥንታማው ክፍል ድረስ ማስጠለቅ ነው። የመጀመሪያው ወፍራሙን ድምፅ ይቀንሳል፤ ሁለተኛው ለመልመድ ያስቸግራል። ሁሉን በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ቅርጽ እስካሁን አልተገኘም።

ሳሙኤል ላይባርገርን የመሰሉ አሜሪካውያን መሐንዲሶች የመተንፈሻውን ስፋትና የቱቦውን ርዝመት ከድምፁ ጋር እያገናኙ አጠኑ። ሚድ ኪሊየን በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ የቱቦውን ውስጥ እንደ መለከት ወደ ታምቡሩ እያሰፉ በመሥራት፣ የመስሚያ መርጃ ቀጭን ድምፆችን በጥራት ማድረስ እንደሚችል አሳየ። ይህ ለቋንቋ ተናጋሪ ሁሉ ትልቅ ነገር ነው፤ «ሰ»ን ከ«ፈ» የምንለይባቸው ፍንጮች በአብዛኛው በዚያ ከፍታ ላይ ይገኛሉና። ኪሊየን በ1983 ያቋቋመው ኤቲሞቲክ ሪሰርች በ1991 ለሙዚቃ አድማጮች ያቀረበው ኢአር-4 ጆሮ ውስጥ ጠልቆ የሚገባ ማዳመጫ ከዚሁ እውቀት የተወለደ ነው።

ወደ መድረክ

በመድረክ ላይ ሙዚቀኛ ራሱን የሚሰማው ወለል ላይ በተደረደሩ ድምፅ ማጉያዎች ነበር። ከበሮው ሲበረታ ጊታሪስቱ የራሱን ያስጨምራል፤ ዘፋኙም እንዲሁ። ውድድሩ የሚያበቃው በጆሮ ጉዳት ነው። እስቲቨን አምብሮስ ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ጆሮ ውስጥ የሚገባ መከታተያ ሲሞክር ቆይቶ በ1970ዎቹ ከስቲቪ ዎንደር ጋር ሠራ። በ1995 ደግሞ የቫን ሄለን የሙዚቃ ቡድን የድምፅ ባለሙያ ጄሪ ሃርቪ ለከበሮ መቺው ለአሌክስ ቫን ሄለን በጆሮው ልክ የተቀረጸ፣ ለወፍራምና ለቀጭን ድምፅ የተለያዩ ሁለት አመንጪዎች ያሉት ማዳመጫ ሠራ። አልቲሜት ኢርስ የተባለው ድርጅት የተመሠረተው ከዚህ ነው። በዚህ የሙያ ዘርፍ የተስፋፉት ጥቃቅን ድምፅ አመንጪዎች ከመስሚያ መርጃ ኢንዱስትሪ የተገኙ ነበሩ፤ የቅርጽ ማንሣቱ ሙያም ከዚያው የተወረሰ ነው። ለመስማት የተቸገረ ሰው የተሠራ ጥበብ ዞሮ የሚሰማውን ሰው ከመደንቆር ጠበቀ።

አማካዩና አንዱ

በ1972 ኬማር የተባለ የመለኪያ ምስለ ሰው ተሠራ። መጠኑ ከአራት ሺህ በላይ አዋቂዎች ልኬት አማካይ የተወሰደ ነው። በእርሱና በመሰሎቹ ሰው ሰራሽ ጆሮዎች ዛሬም ማዳመጫዎች ይለካሉ። ጠቃሚነቱ አያጠራጥርም፤ ያለ የጋራ መለኪያ ሳይንስ የለም። ነገር ግን ያ አማካይ ጆሮ የማንም አይደለም። የልክ ቅርጽ ታሪክ በአማካዩና በአንዱ ሰው መካከል ያለው የማያቋርጥ ድርድር ታሪክ ነው።

ከ2000ዎቹ ጀምሮ የተነሣው ቅርጽ በሌዘር እየተነበበ በሦስት ገጽታ ማተሚያ መሠራት ጀመረ። በ2020 ደግሞ ጆሮ ውስጥ እንዳለ በብርሃን ጨረር በአንድ ደቂቃ ገደማ የሚጠነክር ጫፍ ለገበያ ቀረበ። ታዲያ በልክ የተቀረጸ ሁሉ የተሻለ ይሰማል? አይደለም። መሐንዲሱ ማዳመጫውን ያስተካከለው በአንድ የታወቀ ጫፍ ከሆነ፣ ረጅምና ጠባብ ቱቦ ያለው አዲስ ጫፍ ቀጭኑን ድምፅ ሊያደበዝዝ ይችላል። ለብዙ አድማጭ ከሣጥኑ ጋር ከሚመጡት ጎማዎች ትክክለኛውን መጠን መምረጥ ይበቃል። ጆሮው ከእነዚያ ለአንዱም የማይመች፣ ወይም ሥራው ለሰዓታት እንዲያደርገው የሚያስገድደው ሰው ግን በልክ ከተቀረጸው በእውነት ይጠቀማል።

ጉዳዩ የምቾት ብቻ አለመሆኑን ቁጥሮች ያስረዳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው ገደብ በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው፤ በ83 ዴሲቤል ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። ድርጅቱ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ወጣቶች ጤናማ ባልሆነ የማዳመጥ ልማድ ምክንያት ለመስማት ችግር ተጋልጠዋል ይላል። ክፍተት ያለው ጫፍ በታክሲ ውስጥ ድምፅ ያስጨምራል፤ በደንብ የገጠመ ጫፍ የውጭውን ጫጫታ ስለሚያግድ ዝቅ አድርጎ መስማትን ይፈቅዳል። በመንገድ ላይ ግን ይኸው ማገድ የመኪና ጥሩምባም እንዳይሰማ ያደርጋል፤ ማስተዋል የአድማጩ ድርሻ ነው።

ተማሪዎቼ አንድ ነገር ይዘው እንዲሄዱ እመኛለሁ። የሕፃን ጆሮ ያድጋል፤ ስለዚህ የመስሚያ መርጃ የሚያደርግ ሕፃን የተቀረጸለት ቁራጭ በየጊዜው መለወጥ አለበት። ካልተለወጠ መሣሪያው ያፏጫል፤ ሕፃኑ ይሸማቀቃል፤ ወላጅ አውልቆ ሣጥን ውስጥ ያስቀምጠዋል። ማሽኑ ግን አልተበላሸም። መሣሪያ ለሚለግሱና ለሚገዙ ሁሉ ጥያቄው ስንት መሣሪያ መጣ ብቻ መሆን የለበትም፤ ቅርጹን የሚያነሣው፣ በዓመቱም ተመልሶ የሚያነሣው እጅ የት አለ ተብሎም ይጠየቅ። ሙዚቃ ወዳዱ በጆሮው ልክ የተቀረጸውን ሲያደርግ የሚደሰትበት ጥበብ መጀመሪያ የተሠራው ለዚህ ሕፃን ነበር።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ቢሆንም፣ በመቶ ዓመት ውስጥ በጄሶም በሲሊኮንም ጥቂት ጥቂት አስተዋወቁን። ትውውቁ ሁሉን እንዲያዳርስ ማድረግ የእናንተ ትውልድ የቤት ሥራ ነው።