ከ«ጆንሰን» የቀረው «ሰን»

ፓላዲየምንና ሮዲየምን ያገኘው እንግሊዛዊው ኬሚስት ዊሊያም ሃይድ ዎላስተን አንድ ቀን የሰው ፊት ግማሹ ብቻ ይታየው ጀመር። ከአንድ በር በላይ «ጆንሰን» ተብሎ የተጻፈውን ስም ሊያነብ ቢሞክር ያገኘው «ሰን» የሚለውን ብቻ ነበር። በቀኝም በግራም ዓይኑ ሲያይ የጠፋው ያው የግራው ወገን ነው። ከሩብ ሰዓት ገደማ በኋላ ሁሉም ወደ ቦታው ተመለሰ።

ሌላው ቢሆን አመስግኖ ይረሳው ነበር። ዎላስተን ግን ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ብዥታው ዳግም ሲመጣበት፣ ያውም አሁን በቀኝ በኩል፣ ነገሩን እ.ኤ.አ. በ1824 ለሮያል ሶሳይቲ ጻፈ። ከሁለቱም ዓይን አንድ ወገን እኩል ከጠፋ ችግሩ ዓይን ላይ ሊሆን አይችልም፤ ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄዱት ነርቮች በከፊል ይሻገራሉ ማለት ነው አለ። ኒውተንም በ1704 ይህንኑ ጠርጥሮ ነበር። ዎላስተን በ1828 ሲሞት አስከሬኑ ተመርምሮ በቀኝ አንጎሉ ዕጢ ተገኘ። እኔ ግን የመጀመሪያውን ብዥታ በዕጢው ማሳበብ ይከብደኛል፤ በሩብ ሰዓት መጥቶ የሚሄድ ነገር የማይግሬን ጠባይ ነው።

የማይግሬኑን ብዥታ በሥዕል ያስቀረው ሐኪሙ ሁበርት ኤሪ ነው። በ1870 የራሱን ሕመም ሲያሳትም ከመሐል አጠገብ በትንሽ ነጥብ ጀምሮ እየሰፋ የሚሄድ ባለቀለም የመጋዝ ጥርስ አሳየ። አሜሪካዊው ካርል ላሽሊም በ1941 የራሱን ብዥታ በየደቂቃው እየሳለ፣ በአንጎል ላይ በደቂቃ 3 ሚሊ ሜትር ያህል የሚጓዝ ነገር እንዳለ አሰላ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ብራዚላዊው አሪስቲደስ ሌያዎ በጥንቸል አንጎል ላይ እንዲሁ የሚያዘግም ማዕበል አገኘ።

በአንድ ዓይን ብቻ የሚመጣው ጨለማ ታሪኩ ሌላ ነው። ጀርመናዊው ሳይንቲስት ሄልምሆልትዝ በ1851 የዓይን መመልከቻ መሣሪያውን ይፋ እስኪያደርግ የሕያው ሰው ሬቲና (ብርሃን ተቀባዩ የዓይን ውስጠኛ ሽፋን) በደንብ አይታይም ነበር። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ የነርቭ ሐኪሙ ሚለር ፊሸር በዚሁ መንገድ፣ ታማሚው ዓይኑ በጠፋበት ሰዓት፣ ነጫጭ ፍርፋሪ በሬቲና ደም ሥር ውስጥ ሲያልፍ አየ። እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ ከተጎዳ የአንገት ደም ሥር ይነሣል፤ ለስትሮክም ማስጠንቀቂያ ነው።

ስለዚህ ዕይታዎ ድንገት ቢታወክ ዓይንዎን እያፈራረቁ ይሸፍኑና የጠፋው በአንዱ ይሁን በሁለቱም ይለዩ። ብልጭታና አዲስ ጥቋቁር ነጠብጣብ ወይም እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላ ካዩ ሬቲናው ተላቅቆ ሊሆን ይችላል። ዕይታዎ ከጠፋም ቢመለስልዎት እንኳ «አለፈልኝ» ብለው አይቀመጡ፤ በሁለቱም ሁኔታ ወዲያውኑ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።