መነጽሩን ያነሳው ተማሪ

ትናንት ማታ ከአንድ የዓይን ክሊኒክ በር ላይ የእኛን ልጅ አሳፈርኩ። በጨለማ ጥቁር መነጽር አድርጓል። “በሌዘር ተሠርቼ ነው። ምላጭ የለም አሉኝ፤ ታዲያ በምን ቆረጡት ጋሼ?” አለኝ። ታክሲ ከመያዜ በፊት መሐንዲስ ነበርኩና አፌ አላረፈም። መንገዱ አጭር ስለነበር ያልጨረስኩትን እዚህ ልጨርስ።

በፈረንጆቹ 1993 ነው፤ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ። ዴታው ዱ የሚባል የድኅረ ምረቃ ተማሪ በፕሮፌሰር ዤራር ሙሩ ላብራቶሪ ሌዘር ሲያስተካክል መከላከያ መነጽሩን ከፍ አደረገ። ጨረሩ ዓይኑ ገባ። ሆስፒታል ሲሄድ ያየው ሮን ከርትዝ የሚባል ገና በስፔሻሊቲ ሥልጠና ላይ ያለ የዓይን ሐኪም ነበር። ሬቲናው ላይ ያገኘው ቃጠሎ ግን እንግዳ ሆነበት፦ ጠርዙ ጥርት ያለ፣ በኮምፓስ የተሳለ የሚመስል ክብ፤ ዙሪያው ምንም አልሆነም። “ለመሆኑ ምን ዓይነት ሌዘር ነው?” ብሎ ጠየቀ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። አገር ቤት በሠራሁበት ወርክሾፕ የብየዳ ብልጭታ ዓይኑን የመታው ልጅ ድንች ቆርጦ ዓይኑ ላይ አስሮ ያድራል እንጂ ለአለቃ አይናገርም። መነጽርህ የት ነበር ተብሎ ደሞዙ ይቆረጣላ! እኔም አይቼ ዝም ያልኩበት ቀን አለ። ዱም ቤቱ ሄዶ ቢተኛ ኖሮ ያንን ክብ ማን ያየው ነበር?

ሌዘሩ ፌምቶሰከንድ ይባላል። አንዱን ሰከንድ ለቢሊዮን ክፈለው፤ ያገኘኸውን መልሰህ ለሚሊዮን ክፈለው። በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር የሚበረው ብርሃን በ100 ፌምቶሰከንድ የሚሄደው 0.03 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ጉልበቱ ሁሉ በዚያች ቅጽበት አንዲት ነጥብ ላይ ሲታጨቅ ኤሌክትሮኖችን ከአተሞቻቸው ነቅሎ ሥጋውን ፕላዝማ ያደርገዋል። ሙቀቱ ጎረቤት ሳይደርስ ሥራው አልቋል፤ የምትቀረው ትንሽ አረፋ ናት። አረፋዎቹ በብዛት ጎን ለጎን ሲደረደሩ እንደ ቴምብር ጠርዝ ቀዳዳዎች ሽፋኑን ያላቅቁታል። ኮርኒያ ለዚህ ጨረር እንደ መስኮት ስለሆነ ላዩን ሳይነካ ውስጡን ይቆርጣል።

እንዲህ ያለውን ኃይለኛ ምት ለመፍጠር ያስቻለውን ዘዴ ሙሩና ተማሪው ዶና ስትሪክላንድ በ1985 ሮቼስተር ላይ አውጥተውት ነበር። ምቱን መጀመሪያ ያስረዝሙታል፣ ከዚያ ያጎለብቱታል፣ መልሰው ያሳጥሩታል። እንዳለ ቢያጎለብቱት ማጉያውን ራሱን ያበላሸዋል። በ2018 ኖቤል ተሸለሙበት።

ከርትዝ ሙሩ ላብራቶሪ ገባ። ከቲቦር ዩሃስ ጋር ሠርቶ በ1997 ኢንትራሌዝን አቋቋሙ። ያን ጊዜ በሌዚክ የኮርኒያው ስስ ሽፋን የሚገለጠው በምላጭ ነበር፤ ያንን ሥራ ሌዘሩ ተረከበ። ኮርኒያውን የሚቀርጸው ሌላው፣ ኤክሳይመር የሚባለው ነው። አሁን ስማይል በሚባለው ዘዴ ፌምቶሰከንዱ ብቻውን ውስጥ ስስ ቁራጭ ቀርጾ፣ ሐኪሙ በጠባብ ቀዳዳ ያወጣዋል።

ዱ ደግሞ ደግነቱ አልታወረም። በ2022 ጎልደን ጉስ የሚባለው ሽልማት ሲሰጥ ከሙሩ፣ ከስትሪክላንድ፣ ከከርትዝና ከዩሃስ ጋር ስሙ ተጠርቷል። መነጽሩን ያነሳው ልጅ፣ እዩት!