«ነጻ» የሚለው ቃልና የዱክ ጎዳናው ቤት

በሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አበሻ ወዳጁን «ቅዳሜ ፍሪ ነህ ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ ሥራ አይኖርብህም ወይ ማለቱ ሲሆን፣ ያንኑ ቃል በመደብር መስኮት ላይ ሲያነበው ግን ያለ ዋጋ የሚሰጥ ነገር መኖሩን ይረዳል፤ የሳልቫዶር ተወላጅ የሆነው ጎረቤቱ ግን ቃሉን ወደ እስፓኝኛ ሲመልስ ለሰውና ለጊዜ «ሊብሬ»፣ ለዕቃ «ግራቲስ» ብሎ ሳይለይ አያልፍም።

የእንግሊዝኛው ቃል በጥንተ ነገሩ ከፍቅር የተወለደ፣ ወዳጅ የሚባልበትም «ፍሬንድ» ዘመዱ ነው፤ «ግራቲስ» በላቲን ከጸጋና ከምስጋና ወጥቷል። የእኛው «ነጻ» ግን «ነጽሐ»፣ ማለትም ንጹሕ ሆነ ከሚለው የግዕዝ ግስ የመጣ ስለ ሆነ፣ ዳኛ ተከሳሹን «በነጻ» ባሰናበተው ቁጥር ጥንታዊው ትርጉም ሳናስተውለው ይናገራል። አበው ግን እንደ እስፓኝኛ ተናጋሪው ለይተው፣ ከባርነት መውጣትን «ግዕዛን» ወይም «ሐርነት»፣ ያለ ዋጋ የተሰጠውን «በከንቱ» ይሉ ነበር፤ ዛሬ «ከንቱ» ለማይረባ ነገር ብቻ ስለ ቀረ፣ «ነጻ» የሁለቱን ሸክም ደርቦ ተሸክሟል። እኔ ይህን እንደ ኪሳራ እቈጥረዋለሁ።

ኪሳራውን የሚያሳስበኝ ዛሬ በቨርጂኒያ ግዛት ባለችው በአሌክሳንድሪያ፣ በዱክ ጎዳና ቁጥር 1315 ያለው ቤት ነው። ከ1828 እስከ 1836 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ፍራንክሊንና አርምፊልድ የተባሉ ሸሪኮች የገዙትን ሰው እዚህ እያጐሩ በመርከብና በእግር ወደ ኒው ኦርሊንስና ወደ ናቼዝ ገበያ ይሰዱ ነበር። በቨርጂኒያ ነጻ የወጣውም ቢሆን ዕረፍት አልነበረውም፤ ቨርጂኒያ በ1806 ባወጣችው ሕግ በ12 ወር ውስጥ ከግዛቷ ካልወጣ ነጻነቱን ያጣ ነበርና። ያን ጊዜ በዋሽንግተን ዲስትሪክት ሥር የነበረችው አሌክሳንድሪያ በ1847 ወደ ቨርጂኒያ ስለ ተመለሰች፣ ሊንከን ኤፕሪል 16 ቀን 1862 የፈረሙት የዲስትሪክቱ ባሮች ነጻ መውጫ ሕግ ሳይነካት ቀረ። ያ ሕግ ራሱ ግን ስለ እያንዳንዱ ሰው እስከ 300 ዶላር ካሳ ለጌታው የሚያስከፍል ነበረ፤ «ሊብሬ» የሆነው ሰው «ግራቲስ» አልወጣም፣ ካሳውም የተቈረጠው ለደከመው ሳይሆን ላደከመው ነው።

ሰው ይሸጥበት የነበረው ይህ ቤት ሙዚየም ሆኗል፤ ከተማዋም በ2020 ገዝታዋለች፤ ስሙም ፍሪደም ሃውስ ነው። ከሴፕቴምበር 2021 ጀምሮ ደግሞ ዳሽ የሚባለው የከተማዋ አውቶቡስ ተሳፋሪውን ሳያስከፍል ያመላልሳል። እስፓኝኛ ተናጋሪው ሲሳፈር «ግራቲስ» ይላል፤ የአገሬ ሰው «ነጻ ነው» ብሎ ይቀመጣል።